ለለሚ እግር በፀሐይ የሞቀ ውሃ

ጥር 3 ቀን 1975፣ ማክሰኞ። 8 ሰዓት፣ መ/ቤት።

ውሃው ለብ ብሎ ነበር። በክርኔ ለካሁት። አዴ ጫልቱ ሳፋውን ገና በጠዋት ፀሐይ ላይ አውጥተው አቆይተውልኛል። ጎረቤታችን ናቸው፤ እኔ ሥራ ስውል ለሚን የሚይዙልኝ እሳቸው። ከመ/ቤት በሩጫ ደረስኩ። ምሳ የለም፤ ቆሜ ዳቦ ገመጥኩ። ልጁን አወላለቅኩት፣ ውሃው ውስጥ አስቀመጥኩት። ቀኝ እግሩ ይደልቃል። ግራው ተንሳፍፎ ይቀራል፤ እንደ ረጠበ ጨርቅ።

የዛሬው ጨዋታ፦ ቂጡ በምስማር የተበሳ ጣሳ። ቀድቼ ከፍ ሳደርገው ዝናብ ይሆናል። ለሚ ዝናቡን በእጁ ሊይዝ ይንጠራራል። ሲንጠራራ ወገቡ ይበረታል። ቁም ነገሩ እሱ ነው። ልጁ ቁም ነገር አያውቅም። ይስቃል፣ ድዱ ሁሉ ይታያል።

“ቢሳን” ይላል። አዴ ጫልቱ ቀኑን ሙሉ በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት፤ ቢሻን ማለቱ ነው። የአንድ ዓመት ከአራት ወር ልጅ። እማ ብሎ ሳይጨርስ ውሃን በስሙ ጠራ።

ሃያ ደቂቃ። ከዚያ ፎጣ፣ እግሩን በቅቤ ማሸት፣ ሩጫ። ውሃው አይደፋም፤ ጎመኑ ይጠጣዋል። ቢሆንም ቦኖ ሰልፍ ላይ ያሙኛል አሉ። እኛ ለመጠጥ ተሰልፈን እሷ ለልጅ መጫወቻ። ይበሉ።

መርጋ ዛሬም በምሳ ሰዓት አልመጣም። የሚያስተምርበት ት/ቤት ከእኔ መ/ቤት ይልቅ ለቤታችን ይቀርባል። ለሚ ልብስ ሲለብስ ያቅፈዋል። ሲራቆት ተነሥቶ ይወጣል። አባት የልጁን ግራ እግር ካየ አምስት ወሩ።

አለቃዬ ከስብሰባ ተመለሰ። ይብቃ።


ጥር 5፣ ሐሙስ። 12 ሰዓት ተኩል።

ዲንሳ መጥቶ ሄደ። የጤ/ጣቢያው ጤና ረዳት። የጎጆ ከተማ ሰው፤ ቀጭን፣ ዝግ ያለ፣ ሹራቡን በፀሐይ እንኳ የማያወልቅ። ልምሻ የያዘውን ልጅ በውሃ ማጫወት የተማረው ድሮ ሚሲዮን ክሊኒክ ሲሠራ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ በኋላ ይመጣል። ማንም አላዘዘውም። የምሰጠውን ሻይ ግማሹን ትቶ ይነሣል።

ዛሬ አዲስ ጨዋታ አሳየኝ። ደህናውን እግር በነጠላ ጫፍ ለስለስ አድርጎ መያዝ። ግማሽ ቅል ውሃው ላይ ማንሳፈፍ፣ ወደ ግራው እግር መግፋት። ደህናው ሲታሰር ሰነፉ ይገደዳል አለ። ለሚ አለቀሰ። ቅሏ መጥታ ጣቱን ነካች፣ ቆመች። ምንም። ዲንሳ መልሶ ገፋት። እንደገና። እንደገና። አይሰለቸውም። ከንፈሩን ሳይከፍት አንድ ዜማ ያንጎራጉራል። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ቃሉን ትቶ ዜማውን ብቻ ይዟል።

ደብተሬ፣ ቀን ሙሉ የሰው ደብዳቤ እተይባለሁ። በእጄ የምጽፈው አንተ ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ ልጻፈው።

የዛሬ ዓመት የልምሻ ጠብታ በቀበሌው አዳራሽ ይሰጥ ነበር። ሦስት ጊዜ፣ በየወሩ። የመጀመሪያውን ወሰድኩት። ለሚ አፍ ውስጥ ያንጠባጠበው ዲንሳ ራሱ ነው። በሁለተኛው ቀን ኅብረት ሱቅ ስኳር ገባ ተባለ፤ ሰልፍ ያዝኩ። በሦስተኛው ቀን ጸጉሬን እየተሠራሁ ነበር። እህቴ ጊንጪ ከተማ ልትዳር ነበር። ሹሩባው ሲያልቅ አዳራሹ ተዘግቷል። ማታ መርጋ፣ ወሰድሽው ወይ አለኝ፣ ዓይኑን ከጋዜጣው ሳያነሣ። አዎ አልኩ። ቀላል ነበር። አንድ ቃል።

ነሐሴ ላይ ለሚን ሁለት ቀን አተኮሰው። በሦስተኛው ግራ እግሩ አልነሣ አለ። የክትባት ካርዱን በዚያው ሳምንት ከሰል ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።

ዲንሳ መጀመሪያ ቤታችን የመጣ ለት በመርጋ ፊት ጠየቀኝ፤ ጠብታውን ስንት ጊዜ ወስዷል? ሦስት አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ እግሩ ተመለሰ። መዝገቡ በእጁ ነው፤ ያውቃል። እስከ ዛሬ አንድ ቀን አላነሣብኝም።


ጥር 11፣ ረቡዕ። ጥምቀት።

ሁሉቃ ወንዝ ዳር። ሰው በሰው ላይ። አንዲት አሮጊት እግሩን ሦስቴ ድፈቂው አሉኝ። ደፈቅኩት። ውሃው በረዶ ነው፤ ለሚ ጮኸ፣ ከንፈሩ ጠቆረ። የውሃ ፍቅሩን እንዳላጠፋበት ፈራሁ።

አንድ የመርጋ የሥራ ባልደረባ የልጁ እግር ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። ወድቆ ነው አለ መርጋ። የምዋሸው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እሱም ይዋሻል ለካ።

ቤት ስንገባ ኮቱን ሳያወልቅ ተናገረ። ሦስት ጊዜ ጠብታ ወስዶ ልምሻ የያዘው ልጅ፣ አንድ ሰው በድሎታል ማለት ነው። መድኃኒቱ ውሃ ነበር ማለት ነው። አንድ ሰው ይጠየቅበታል። የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ካሰበ በኋላ አይመለስም።

ወጥ ላሞቅ ገባሁ።


ጥር 16፣ ሰኞ። ማምሻ።

መርጋ ጤ/ጣቢያ ሄዶ መዝገቡን አስወጥቶ አየ። የለሚ ስም አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ባዶ።

ከበር ጀምሮ ነው ያወራው። ሚስቴ ሦስት ጊዜ አስወስዳለች። መዝገቡ አንድ ይላል። ሁለቱ የት ሄደ? ወይ ሸጦታል፣ ወይ ለእምነት ወንድሞቹ አድርሶታል፣ ለልጄ ውሃ አጠጥቶ። ለዚህ ነው ሳይጠሩት እየመጣ ከልጁ ጋር የሚንቦጫረቀው። ሕሊናው እየወቀሰው።

ያኔ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። ቀጠልኩ።


ጥር 17፣ ማክሰኞ። 9 ሰዓት፣ መ/ቤት።

ማመልከቻውን በእጁ ጽፎ ሰጠኝ። ተይቢው አለ፣ የእናንተ ሪባን አዲስ ነው። በሦስት ኮፒ፦ ለቀበሌው፣ ለአውራጃው፣ ለእሱ።

ተየብኩት። “የሕዝብን መድኃኒት በአሻጥር በማዛወር” ይላል። አሻጥር የምትለዋን ቃል በዚህ መኪና ብዙ ጊዜ መትቻታለሁ። በሌሎች ሰዎች ስም ላይ። ጣቶቼ ያውቋታል።

አንድ ስሕተት አልሠራሁም። አንድ ፊደል እንኳ።

በምሳ ሰዓት ለሚ ሳፋው ውስጥ ሎሚ ሲያባርር ነበር። ሎሚው ከእጁ ያመልጣል፣ ይሰምጣል፣ ብቅ ይላል። ብቅ ባለ ቁጥር እንደ አዲስ ይገረማል። እያየሁት አልቅሻለሁ። አዴ ጫልቱ ዓይኔ ውስጥ ውሃ የገባ መስሏቸው በቀሚሳቸው ጠረጉልኝ።


ጥር 20፣ ዓርብ። 12 ሰዓት።

ገፋት!

ቅሏ መጣች። ግራ ጉልበቱ ወደ ሆዱ ትንሽ ሰበሰብ አለ፤ ለቀቀ። ቅሏ ሸርተት ብላ ሄደች። ውሃው ይሆናል አልኩ ለራሴ። ዲንሳ መልሶ ላካት። እንደገና። ጉልበቱ ነው! የእግሩ ጣቶች አይደሉም፣ ቁርጭምጭሚቱም አይደለም፣ ጉልበቱ። ልጮህ ስል ዲንሳ እጁን አነሣ፤ ከደነገጠ ይተወዋል አለኝ በሹክሹክታ። ራሱ ግን ፊቱን በሹራቡ እጅጌ ጠረገ።

ዛሬ ሻዩን እስከ ታች ጠጣ። ሚስቱ ሌንሴ ልትወልድ ወር እንደቀራት ነገረኝ። ስለ ቤቱ ሲያወራኝ የመጀመሪያው ነው።

ወረቀቱ ግን ከቀበሌው ሊ/መንበር ጠረጴዛ ላይ ከዋለ ሦስት ቀኑ። ቁጭ ብዬ ስኳር ጨመርኩለት።


ጥር 22፣ እሑድ።

ከአዴ ጫልቱ ጋር ለሚን ይዘን ወደ ፍል ውሃው ወረድን። ከላይ ሞልቶ የሚፈሰው ሙቅ ውሃ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ቦይ አለ። እዚያ፣ ጉልበት የማይደርስ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ፣ ልጁን ጭኔ ላይ። ከሥር አረፋው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፤ ውስጥ እግሩን ይኮረኩረዋል። የግራውንም። ስሜቱ አልሞተም፤ የሞተው ኃይሉ ነው። ሳቀ እስኪያስለው ድረስ። አዴ ጫልቱ በእርጥብ ጨርቅ ጠብ ጠብ እያደረጉ በኦሮምኛ ያዜሙለታል። ግማሽ ሰዓት ያህል ሁሉን ረሳሁ።

ከዚያ አጠገባችን የምታጥብ ሴት ለጓደኛዋ ስትነግራት ሰማሁ። የጠብታው ሰውዬ መድኃኒቱን ሸጦ ውሃ ነው አሉ ለልጆቻችን የሰጠው። ዘንድሮ ልጄን አልወስድም።

ለሚን ጠቅልዬ ተነሣሁ።


ጥር 24፣ ማክሰኞ።

ዲንሳን ወሰዱት። ከጤ/ጣቢያው ግቢ፣ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች፣ ከሰው ፊት። መርፌ ሊወጋ ያዘጋጀውን ልጅ ትቶ ሄደ አሉ። ቀበሌው እስር ቤት ነው።

መርጋ ምሳ ሰዓት ላይ መጣ፤ ስንት ጊዜው። ደስ ያለው አይመስልም። እንዲጠየቅ እንጂ እንዲታሰር አላልኩም አለ። ማንም ምንም ሳይለው ሁለት ጊዜ ደገመው።

ሳፋው ግቢ ውስጥ ሞልቶ ቀዘቀዘ።


ጥር 25፣ ረቡዕ። ጠዋት።

ቦኖ ሰልፍ ላይ ሌንሴ መጣች። ሆዷ ከፊቷ ቀድሞ። በአንድ እጇ ጀሪካን፣ በሌላው የባሏ ምሳ ዕቃ፣ ሙሉውን እንደተመለሰ። ሴቶቹ ገለል አሉላት፤ ከአክብሮት አይደለም።

በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። በኦሮምኛ ጀምራ ወደ አማርኛ ተመለሰች። የማን ክስ እንደሆነ አልነገሯትም! እኔን የልጁ እናት፣ ባሏ የሚደክምላት ሴት ብቻ አድርጋ ነው የምታውቀኝ።

“አንቺ ብትናገሪ ይሰሙሻል” አለችኝ። “የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አይተሻል። ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም።”

እሺ አልኳት። ጀሪካኗን ሞላሁላት። ሞልቶ ውሃው ጫማዋ ላይ ፈሰሰ፤ ይቅርታ አልኩ፤ ለውሃው።


ጥር 26፣ ሐሙስ።

ለሚ ሳፋውን እያሳየ ቢሳን ቢሳን ይላል። አላስገባሁትም። ያንን ውሃ የመንካት መብት የለኝም። ከዚያ ደግሞ ልጁ ምን አደረገ? ቀኑ መሸ። ሁለት ቀን ካልሠራ ጉልበቱ ይረሳል ብሎኝ ነበር ዲንሳ።

አስገባሁት። የቀረው ፀሐይ ትንሽ ነው። ቅሏን ላክሁለት። ጉልበቱ አልተሰበሰበም።


ጥር 27፣ ዓርብ። 1 ሰዓት ምሽት።

ነገርኩት።

መርጋ ጠረጴዛው ላይ ፈተና ያርማል። ለሚ ምንጣፉ ላይ ነው። ቆሜ ጀመርኩ፤ ከተቀመጥኩ እንደማልችል ስለማውቅ።

“ሁለቱን አላስወሰድኩትም።”

“የቱን ሁለት?”

“ጠብታውን። አንዴ ብቻ ነው የወሰደው። መዝገቡ ልክ ነው።”

ቀይ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር ትክክል አድርጎ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፦

“ማመልከቻውን ስትተይቢ ታውቂ ነበር?”

“አዎ።”

ለምን ይለኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ስኳሩን፣ ሹሩባውን። አልጠየቀም። አልመታኝም፣ አልጮኸም። ተነሥቶ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ፣ የለሚን ግራ ካልሲ አወለቀ፣ እግሩን በመዳፉ ይዞ አየው። ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያው። የቀኙን ደግሞ ያዘ፤ ሁለቱን አስተያየ። ምን ያህል እንደቀጠነ አላወቀም ነበር። ለሚ ጢሙን ይጎትተዋል።

አሁን ሳሎን ነው። መብራት አላበራም።


ጥር 28፣ ቅዳሜ።

ሊ/መንበሩ ጥርሱን አሞት ጉንጩ አብጧል፤ አፉን በጨርቅ ይዞ ነው የሰማኝ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

ወረቀቱ ወደ ላይ ሄዷል አለ። ፊርማው የባልሽ ነው። ያንቺ እውነት ከሆነ ባልሽ በሐሰት ከስሷል። ማንን ልሰር? እኔን እሰሩኝ አልኩ። ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት ሴት የማስርበት ክፍል የለኝም አለ፣ በተሰላቸ ድምፅ። ነገ የነዋሪዎች ስብሰባ አለ፤ ተነሥተሽ ግለ ሂስ ታደርጊያለሽ፤ ከዚያ እጽፋለሁ።

ስነሣ ጨመረ፦ “ደግሞ ነገሩ አሁን የጠብታ ብቻ አይደለም። ቤቱ ሲፈተሽ የመዝሙር ደብተር ተገኝቷል።”

እኔ የከፈትኩትን በር እኔ ልዘጋው የምችል መስሎኝ ነበር። ሌሎች ገብተውበታል።


ጥር 29፣ እሑድ። ከሰዓት።

ያው አዳራሽ። ጠብታው ይሰጥበት የነበረው።

ስሜ ተጠራ፣ ወጣሁ። ስንት መቶ ሰው እንደነበር አላውቅም፤ ፊት አልለየሁም። በሌሎች ግለ ሂስ ላይ የሰማሁት የተለመደ አባባል አለ፤ ንቃተ ሕሊናዬ ዝቅተኛ በመሆኑ ምናምን። እሱን ልል አስቤ ነበር። አፌ አልታዘዘኝም። የሆነውን ብቻ አልኩ። ሁለተኛውን ቀን ስኳር ተሰልፌ ቀረሁ። ሦስተኛውን ጸጉሬን ስሠራ ቀረሁ። ባሌን ዋሸሁት። ካርዱን አቃጠልኩ። ማመልከቻውን በእጄ ተየብኩ። ኦቦ ዲንሳ ምንም አላደረገም። ጠብታው ውሃ አልነበረም። ልጄን ያላስወሰድኩት እኔ ነኝ።

የታችኛው ሰፈር ሰዎች ከተቀመጡበት አንዲት ሴት፣ “ሹሩባውስ አማረልሽ?” አለች። ሳቅ ሆነ። ሰዎቹ እስኪበቃቸው ሳቁ። እኔ ቆሜ።

ከዚያ መርጋ ተነሣ። ከኋላ እንዳለ አላየሁትም ነበር። ፊርማው የእኔ ነው አለ። ሳላጣራ ፈርሜአለሁ። ተቀመጠ። እኔን አላየኝም። ወደ ቤት ስንሄድ ከፊቴ ሃያ እርምጃ ያህል ቀድሞ ነው የሄደው።


የካቲት 3፣ ሐሙስ። መ/ቤት።

አልተፈታም። መርጋ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ አውራጃው ይሄዳል። ክሱን ያነሣበትን ደብዳቤ በእጁ ጻፈ፤ እንድተይብ አልሰጠኝም።

ከጽሕፈት መኪናው አነሡኝ። ምስጢር የሚጻፍበት ነው አሉ። ወደ ንብረት ክፍል። ጆንያና ማረሻ እየመዘገብኩ ነው። ይሻለኛል።

ለሚ ዛሬ የኖራ ብሩሽ ውሃ ውስጥ እየነከረ የጭቃውን ግድግዳ ቀባ። ያጠቁራል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ይጠፋል፤ እንደገና ይቀባል። ለመቀባት በጉልበቱ ሊቆም ሞከረ። ወደቀ። ግራው ከሥሩ ታጠፈ። አላለቀሰም፤ እኔን አየኝ፣ አልቅስ ወይ እንደማለት። ብሩሹን አቀበልኩት።


የካቲት 8፣ ማክሰኞ።

ዲንሳ ወጣ። አዴ ጫልቱ ናቸው ያዩት። በሁለት ሰው ተደግፎ ነው አሉ። ሌላ አልነገሩኝም። እግዜር ያውቃል ብቻ አሉ።


የካቲት 9፣ ረቡዕ። ማምሻ።

ሄድኩ።

ሌንሴ በር ከፈተች። አየችኝ። ግቢ አላለችኝም፣ በሩንም አልዘጋችም። ዞራ ገባች፣ ተከተልኳት።

ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። እግሮቹ ሳፋ ውስጥ፣ ለብ ያለ የጨው ውሃ። ውስጥ እግሩን ነው የገረፉት። ያየሁትን አልጽፈውም። ሊሸፍነው አልሞከረም።

ተንበረከክሁ። ተነሽ መሬቱ እርጥብ ነው አለኝ። ከዚያ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ለሚ ጉልበት ነው። ይሰበሰባል ወይ? በቀን ስንት ጊዜ? መለስኩለት። እንደ ሁልጊዜው ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ይቅርታ የሚለውን ጀመርኩ፤ ሌሊቱን ሳዘጋጀው ያደርኩትን።

“እሱን ዛሬ አልችልም፣ ወ/ሮ አስናቀች” አለኝ። በቁጣ አይደለም። እንደ ደከመው ሰው። “አንድ ቀን እችል ይሆናል። አላውቅም።”

ሌንሴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ትንፋሿ ይሰማኛል።

የምነግርሽን ያዢ አለኝ። የለሚ ጉልበት ትንሽ ይጨምር ይሆናል። ቁርጭምጭሚቱ አይመለስም፤ እስካሁን ያልነገርኩሽ ደስ ስላለሽ ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላው አ.አ ውሰጂው፣ የብረት ድጋፍ ይሠሩለታል። ከብረቱ ጋር ይራመዳል። ውሃውን አታቋርጪ። ለእግሩ ብቻ ብለሽ አይደለም፤ ልጅ ነው፣ ይጫወት።

ዲንሳን ወደ ሌላ ቦታ አዛውረውታል። ከጎጆ አልፎ፣ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ። የእግር መንገድ! ሲድን ይሄዳል።

ልወጣ ስል ጠራኝ።

“የጠብታው ቀን ማክሰኞ ሳምንት ነው። ሴቶቹ አይመጡም። መድኃኒቱ ውሃ ነው ተብሏል። ያን ወሬ ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ። ቤት ለቤት ዙሪና ጥሪያቸው።”

እሺ አልኩ። ለሚስቱም ያኔ እሺ ብዬ ነበር፤ ሁለቱም ያስታውሳሉ።


የካቲት 13፣ እሑድ።

መርጋ ትናንት ዲንሳ ዘንድ ሄዶ ነበር። ከአዴ ጫልቱ ነው የሰማሁት። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ሲመለስ እራት አልበላም።

ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ሳሎን ነው የሚተኛው። የሚያወራኝ የግድ የሆነውን ብቻ። ቁልፉ የት ነው። ጨው አልቋል። ዘመዶቹ ፍታት እያሉት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልደበቁኝም። እሱ ምንም አላለም። ልለምነው አልችልም። በምን አፌ።


የካቲት 19፣ ቅዳሜ።

የላይኛውን ሰፈር ዛሬ ጨረስኩ። ለሚን አዝዬ። አንዳንዷ ቃል ሳልጨርስ በር ዘጋች። አንዷ ደግሞ ለራሷ ልጅ ያልሆነች እናት ለኔ ልጅ ልትመክር መጣች ብላ ለጎረቤቷ ስትናገር፣ በአጥሩ ሰማሁት። እውነቷን ነው።

አብዛኞቹ ግን አንድ ነገር ነው የሚጠይቁኝ፤ እስኪ እግሩን አሳዪን። አውርጄ አሳያለሁ። ካልሲውን አወልቃለሁ። አንዲት ልጅ እግር እናት እግሩን በጣቷ ነካ አድርጋ ወዲያው ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ማክሰኞ በስንት ሰዓት ነው አለችኝ።

ለሚ በየቤቱ ካልሲውን ማውለቄ ጨዋታ መስሎት ጣቶቹን እያየ ይስቃል። ወገቤ ተቆረጠ። ወደ ማታ ላይ እሱም መረረው፣ አለቀሰ፣ ቢሳን አለ። ውሃ ሳያገኝ ተኛ።


የካቲት 20፣ እሑድ። 5 ሰዓት ጠዋት።

ልወጣ አዝዬው ነበር። መርጋ ከሳሎን ወጣ፣ እጅጌውን ጠቅልሏል።

“ልጁን ተዪው” አለኝ። “ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲዞር ውሎ ጉልበቱ አልሠራም።” ከዚያ ወደ ሳፋው እያየ፣ “እንዴት ነው የሚደረገው?”

ከሦስት ሳምንት ወዲህ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ።

አሳየሁት። ሙቀቱን በክርን እንጂ በእጅ እንዳይለካ። ከሥሩ ጨርቅ እንዲያነጥፍ፣ እንዳያንሸራትተው። አንድ እጅ ሁልጊዜ ከጀርባው እንዳይለይ፤ ሰው ቢጠራ፣ በር ቢንኳኳ፣ ውሃው ከጣት ቢያንስ እንኳ። ደህናውን እግር እንዴት እንደሚይዝ። እንደ ተማሪ አዳመጠኝ። ቅሏን ሲገፋት በኃይል ሆነ፣ ውሃው ለሚን ፊቱ ላይ መታው። ላርመው አፌን ከፈትኩ። ለሚ ትንሽ አሰበና ውሃውን በመዳፉ መልሶ አባቱ ላይ ረጨ። መርጋ ፊቱን አልጠረገም።

“ሂጂ” አለኝ ቀና ሳይል። “ፀሐዩ ሳይበረታብሽ።”

ይቅር ብሎኝ አይደለም። አውቃለሁ። ነገም ሳሎን ነው የሚተኛው። ብቻ የለሚን ግራ እግር በባዶው ይዞታል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገደኛ በአጥሩ እያየ።

ይህን የምጽፈው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ነጠላዬን ለብሼ ነው። የቀረኝ የታችኛው ሰፈር ነው። በጣም የሚያውቁኝ እዚያ ናቸው። ከየት እንደምጀምር ሳስብ አድሬ ነበር፤ አሁን ወስኛለሁ። በስብሰባው ላይ ከሳቀችብኝ ሴት ቤት። የስድስት ወር ልጅ አላት።